ጥፋቱ የማረሻው ነው ወይስ የአመራሩ?

አንድ ሥራ ሳይቃና በቀረ ጊዜ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚወቅሰው መሣሪያውን ነው። ጸሐፊ ብዕሩን፥ አናጢ መጥረቢያውን፥ ገበሬም ማረሻውን ይወቅሳል። የሥራው አለቃ የሆነ ሰው ደግሞ መሣሪያውንና መሣሪያውን የያዘውን ሰው አንድ ላይ ይወቅሳል፤ ራሱን ግን ከወቀሳው ውጭ ያኖራል። ይህ የሰው ሁሉ ጠባይ ስለ ሆነ እንግዳ ነገር አይደለም። ነገር ግን ወቀሳው በተሳሳተ ቦታ ያረፈ እንደ ሆነ መድኃኒቱም በተሳሳተ ቦታ ይሰጣልና፥ ጥፋቱ ከመሣሪያው ነው ወይስ ከአመራሩ ብሎ አስቀድሞ መመርመር ከብዙ ድካምና ከብዙ ወጪ ያድናል።

ለዚህ ነገር ምሳሌ የሚሆን እውነተኛ ጉዳይ በጎጃም ደጋ በደብረ ማርቆስ አካባቢ ይገኛል። ጉዳዩም ስለ ማረሻ፥ ስለ እርከንና ስለ አፈር ነው። ነገሩን በቦታው መርምረው በጽሑፍ ካቀረቡት ሊቃውንት ቀዳሚው ዶክተር መለሰ ተመስገን የተባሉ ኢትዮጵያዊ የእርሻ መሣሪያ መሐንዲስ ሲሆኑ፥ የደረሱበት አሳብ ለገበሬው የሚጠቅመውን ያህል ሰውን ለሚያዝና ሥራን ለሚመራ ሁሉ ትምህርት የሚሰጥ ነው።

ከደብረ ማርቆስ ከተማ፥ ማለት ከቀድሞዋ መንቆረር፥ በስተ ሰሜን የጮቄ ተራራ ተዘርግቶ ይታያል። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። ጨሞጋ፥ ጀደብ፥ ሙጋ፥ ሱሃ፥ ተምጫና ሌሎችም ብዙ ወንዞች ከዚሁ ተራራና ከግርጌው መንጭተው ሁሉም ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። ስለዚህ ጮቄ የጎጃም የውሃ ጎተራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በከተማዋ ዙሪያ የሚወርደው ዝናም በዓመት 1,300 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን አብዛኛው የሚወርደው በክረምቱ ወራት ነው። አፈሩ ቀይና ለም፥ አቀማመጡ ግን ዘቅዛቃ ስለ ሆነ፥ ስንዴውንና ጤፉን የሚያበቅለው ያው ዝናም ማሳውን አጥቦ የሚወስድ ጎርፍ ይሆናል። በሐምሌና በነሐሴ በዓባይ ድልድይ ላይ ቆሞ ወደ ታች የተመለከተ ሰው፥ ከውሃው ጋራ የእርሻ መሬት አብሮ ሲጓዝ ያያል።

የዚህን ጥፋት መጠን የገመቱ ሊቃውንት አሉ። ስዊሳዊው ሊቅ ሐንስ ሁርኒ በኢትዮጵያ ከአንድ ሄክታር የታረሰ መሬት በያመቱ በአማካይ 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ ገምተዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1986 ዓመት ተፈጽሞ የቀረበው የኢትዮጵያ ደጋማ አገሮች ጥናት ደግሞ ከደጋው ሁሉ በዓመት የሚታጠበውን አፈር 1.9 ቢሊዮን ቶን አድርሶታል። 42 ቶን አፈር በአንድ ሄክታር ላይ ቢዘረጋ ውፍረቱ ሦስት ወይም አራት ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በአንድ ዓመት የታጠበውን ዓይን አያስተውለውም። በሃምሳ ዓመት ግን ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ይህም ማረሻ የሚደርስበት ጥልቀት ሁሉ ማለት ነው። አባት ለልጁ ያወረሰው ርስት ድንበሩ ሳይገፋ፥ ስፋቱም ሳይቀነስ፥ ከውስጥ ያልቃል። ድንበር የገፋ ጎረቤት ቢሆን ኖሮ በዳኛ በተከሰሰ ነበር፤ ጎርፍን ግን የሚከስሰው የለም።

ነገሩ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ የሚያሳስብበት ሌላም ምክንያት አለ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝ ሆኖ የተሠራ ነው። ቀድሞ በሱዳን በኩል ያልፍ የነበረው የጎጃም አፈር አሁን በመንገዱ ላይ ይህን ታላቅ ሐይቅ ያገኛል፤ ደለሉም ፍጥነቱን አጥቶ በዚያ ያርፋል። ደለል ያረፈበት ስፍራ ሁሉ ውሃ የማይያዝበት ስፍራ ነው። ስለዚህ በእነራታ ወይም በፈረስ ቤት ዳገት ላይ የሚያርስ ገበሬና በጉባ ተርባይን የሚጠብቅ መሐንዲስ ሳይተዋወቁ የአንድ ሒሳብ ተካፋዮች ሆነዋል።

የአፈርን መታጠብ ለመከላከል መንግሥት ያደረገው ድካም ጥቂት አይደለም። የ1965ቱና የ1966ቱ ዓ.ም. ረኃብ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፥ የእርሻ ሚኒስቴር ከዓለም የምግብ ፕሮግራም በተገኘ እህል እየከፈለ ገበሬውን በእርከን ሥራ አሰማራ። በደርግ ዘመን በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር የሚቈጠር እርከን በደጋው አገር ሁሉ ተሠራ። ነገር ግን በ1983 ዓ.ም. መንግሥቱ በተለወጠ ጊዜ በብዙ ስፍራ ገበሬው ራሱ የሠራውን እርከን በራሱ ማረሻ አፈረሰው። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮም በየዓመቱ በበጋ ወራት ሕዝቡ ያለ ደመወዝ ለብዙ ቀን እየወጣ የተፋሰስ ሥራ የሚሠራበት ዘመቻ ተደረገ። በዚያ ዘመቻ ከወረዳ ወደ ዞን፥ ከዞን ወደ ክልል የሚወጣው ወሬ በአብዛኛው ስንት ኪሎ ሜትር እርከን እንደ ተሠራና ስንት ሰው እንደ ወጣ የሚናገር ነበረ። ከተሠራው ውስጥ ከሁለት ክረምት በኋላ ቆሞ የተገኘው ስንት እንደ ሆነ፥ በእርከኑ መካከልም የተዘራው እህል ጨምሮ ወይም ቀንሶ እንደ ሆነ የሚጠይቅ ግን ብዙ አልነበረም።

ገበሬው እርከኑን ለምን ያፈርሳል ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ ከጽሕፈት ቤት የሚሰጠው መልስ አጭር ነበረ፤ ይኸውም ገበሬው ስላልሠለጠነ ነው፥ ልማድ ስለ ያዘው ነው የሚል ነው። ይህ መልስ ለሚሰጠው ሰው ምቹ ነው፤ ትእዛዙን እንደ ገና ከመመርመር ያድነዋልና። እውነቱን ለማወቅ ግን ወደ ማሳው መውረድ ያስፈልጋል።

ይህን ያደረጉ ሰዎች አልታጡም። የእርሻ ሚኒስቴር ከስዊስ አገር ከበርን ዩኒቨርሲቲ ጋራ ሆኖ ባቋቋመው የአፈር ጥበቃ ምርምር ውስጥ አንዱ ጣቢያ ከደንበጫ ወደ ፈረስ ቤት በሚወስደው መንገድ በአንጀኒ በ1976 ዓ.ም. ተከፈተ። በ1978 ዓ.ም. በዚያው በአንጀኒ ፋንያ ጁ የተባለው እርከን ተሠራ። ይህ ስም ከስዋሂሊ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ወደ ላይ ማድረግ ማለት ነው። ዘዴውም በኬንያ አገር በማቻኮስ የታወቀ ነው፤ ቦይ በአግድም ይቆፈርና አፈሩ ወደ ዳገቱ በኩል ይጣላል፤ በዓመታትም ብዛት ከላይ የሚወርደው አፈር እየተከማቸ መሬቱ ደረጃ እየሠራ ይሄዳል። ከአንጀኒና ከሌሎቹ ጣቢያዎች የተገኘው መረጃ፥ እርከን የሚታጠበውን አፈር በእርግጥ እንደሚቀንስ፥ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን የእህሉን ምርት ከፍ እንደማያደርግ አስረዳ። እርከኑና ቦዩ የያዙት መሬት ከሚዘራው ላይ ይቀነሳል። ዝናም በሚበዛበት አገር ደግሞ ውሃው ከእርከኑ በስተ ኋላ ስለሚተኛ እህሉ ሥሩ ታፍኖ ይቢጫል። እርከኑም ሞልቶ በአንድ ስፍራ የተሰበረ እንደ ሆነ፥ ቀድሞ በማሳው ሁሉ ተበትኖ ይወርድ የነበረው ጎርፍ በአንድ ላይ ተሰብስቦ ይወጣና ቦረቦር ይቆፍራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይገባል። ዝናም በሚያንስበት አገር፥ ይልቁንም በትግራይና በወሎ ደረቅ ወረዳዎች፥ ውሃን በማሳ ማስቀረት ትልቅ በረከት ነው። በትግራይ የአብርሃ ወአጽብሃ መንደር ሕዝብ በተፋሰስ ሥራ ደክሞ የደረቁን የውሃ ጉድጓዶች ስለ መለሰ በ2012 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የዓለም መንግሥታት የሚሰጡትን የኢኳተር ሽልማት አግኝቷል። ስለዚህ እርከን በራሱ ክፉ ነው የሚል የለም። ጥፋቱ ለደረቁ አገር የተሰፋውን ልብስ ለርጥቡም አገር በዚያው ልክ አልብሶ፥ ልብሱ ያልበቃውን ሰው መውቀስ ነው።

ዶክተር መለሰ ተመስገንና ባልደረቦቻቸው ግን ከዚህ ሁሉ አልፈው አንድ ሌላ ጥያቄ አቀረቡ። ይኸውም እርከኑና ማረሻው ይስማማሉ ወይ የሚል ነው። ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም ለብዙ ዓመት ስለ እርከን ብዙ ሲጻፍና ብዙ ሲታዘዝ በእርከኑ መካከል የሚያርሰውን መሣሪያ ልብ ብሎ የተመለከተው ሰው ጥቂት ነበረ።

የኢትዮጵያ ማረሻ የሚያርስበት መንገድ እንደሚከተለው ነው። ብረቱ ጫፉ ሹል ስለ ሆነ መሬቱን ሰንጥቆ ይገባል፤ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱ ድግሮችም አፈሩን ወደ ሁለት ወገን ይከፍሉታል። ስለዚህ የሚወጣው ትልም አፉ ሰፊ፥ ግርጌው ጠባብ ነው። በአንዱ ትልምና በሚቀጥለው ትልም መካከል ከበታች ያልታረሰ መሬት ይቀራል። ገበሬውም ይህን ሳይታረስ የቀረውን ለማግኘት በሁለተኛው ጊዜ የመጀመሪያውን ትልም አቋርጦ ያርሳል፤ ሲሠልስም እንደ ገና ያቋርጣል። ጤፍ የሚዘራ የሆነ እንደ ሆነ አምስት ጊዜና ከዚያም በላይ ያርሳል። እንግዲህ በዘቅዛቃ መሬት ላይ አንዱ እርሻ አግድም ቢሆን የሚያቋርጠው ሌላው የግድ ወደ ቁልቁለቱ ያዘነብላል። ቁልቁል የወረደ ትልም ሁሉ ለጎርፍ የተጠረገ መንገድ ነው። ከዚህም ጋራ በየዓመቱ ማረሻው ከሚደርስበት ጥልቀት በታች ያለው አፈር እየተረገጠና እየጠነከረ እንደ ወለል ስለሚሆን የዝናሙ ውሃ ወደ ታች መስረግ ያቅተዋል።

አሁን በዚህ ማሳ ላይ በየጥቂት እርምጃው እርከን ተሠራ እንበል። ገበሬው አቋርጦ ለማረስ በሬዎቹን ወደ ዳገትና ወደ ቁልቁለት መንዳት አለበት፤ እርከኑ ግን ይከለክለዋል። በሬዎቹ ጥቂት እንደ ሄዱ ማዞሪያ ያጣሉ፤ ወይ እርከኑን ይረግጡታል፥ ወይ ማሳው ሳይታረስ ይቀራል። የወረዳው የእርሻ ሠራተኛ እርከኑን አትንካ ይለዋል፤ ማረሻው ደግሞ አቋርጠህ ካላረስህ እህል አታገኝም ይለዋል። ከሁለቱ ትእዛዝ አንዱን ማፍረስ ግዴታ በሆነበት ጊዜ ልጆቹን የሚያበላው ሰው የትኛውን እንደሚያፈርስ ማንም ሊያውቀው ይችላል። ስለዚህ ባለማወቅ የተሠራ ይመስል የነበረው ሥራ በደንብ የታሰበ ሥራ ነበረ። እርከን የሚያሠራው መሥሪያ ቤት ሌላ፥ መሣሪያ የሚያጠናው ሌላ፥ ዘር የሚያድለው ሌላ ሲሆን፥ ሦስቱን ትእዛዝ በአንድ ማሳ ላይ በአንድ ቀን የሚቀበለው ግን ያው አንዱ ገበሬ ነው። የክፉ አመራር መጀመሪያው ይህ ነው፤ በጽሕፈት ቤት ተለያይተው የተጻፉት ነገሮች በሜዳ ላይ የሚገናኙ መሆናቸውን አለማሰብ።

ከዚህ በተቃራኒው ያለ ስሕተት ደግሞ ማረሻውን እንደ አሮጌ ነገር ቆጥሮ ፈጽሞ መጣል ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ አፈሩን የሚገለብጥ የብረት ማረሻ ስለ ታወቀ፥ ይህንኑ ለኢትዮጵያ ገበሬ ለመስጠት በልዩ ልዩ ጊዜ ብዙ ተሞክሯል። ሆኖም በገበሬው ዘንድ ብዙ ሊስፋፋ አልቻለም። ምክንያቱም የተሰወረ አይደለም። የብረቱ ማረሻ ከባድ ነው፤ ጉልበታቸው የተመጠነ በሬዎች ሊጎትቱት ይቸገራሉ፤ ዋጋው ውድ ነው፤ የተሰበረ እንደ ሆነም መለዋወጫው በአቅራቢያ አይገኝም። የአገሩ ማረሻ ግን ሞፈሩና ቀንበሩ፥ እርፉና ድግሩ ከአካባቢው እንጨት በገበሬው እጅ ይጠረባል፤ ምራኑ ከራሱ ከብት ቆዳ ይወጣል፤ ብረቱን የመንደሩ ቀጥቃጭ ያበጀዋል። አንድ ሰው በትከሻው ተሸክሞት ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ማሳ ይሄዳል። ይህ መሣሪያ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ እንደ ቆየ የታሪክ ጸሐፊዎች ይገምታሉ። ይህን ያህል ዘመን የቆየውም የሚተካው ስላልታየ ብቻ አይደለም፤ ለዳገቱ፥ ለድንጋዩና ለጠባቡ ማሳ ስለ ተስማማ ነው።

አዲስ መሣሪያ ሁሉ መሬቱን ሳያውቁ ቢጠቀሙበት ምን እንደሚያመጣ ከሌላው ዓለም መማር ይቻላል። በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት በመካከለኛው ሜዳ የሚኖሩ ገበሬዎች በትራክተርና በብረት ማረሻ የጥንቱን የሣር ምድር ገልብጠው ስንዴ ዘሩበት። በ1930ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ድርቅ በመጣ ጊዜ ሥር የማይዘው ያ አፈር በነፋስ ተነሥቶ ሰማዩን አጨለመው፤ ብዙ ሕዝብም ቤቱንና መሬቱን ጥሎ ተሰደደ። መንግሥቱ የአፈር ጥበቃ መሥሪያ ቤት በሕግ ያቋቋመው በ1935 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከዚያ ጥፋት የተነሣ ነው። በዚያን ጊዜ ከዓለም የተሻለ መሣሪያ የያዘው ሕዝብ ይህ ነበረ፤ የጎደለው መሬቱን በመሬቱ ጠባይ መምራት ነው።

ዶክተር መለሰ ከሁለቱ መንገዶች አንዱንም አልመረጡም። በሆላንድ አገር በዴልፍት ተምረው በ2007 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለዶክተርነት ባቀረቡት ጽሑፍ የመረመሩት፥ ዝናም በሚያንስበት በስምጥ ሸለቆ አካባቢ የሚኖር ገበሬ አፈርንና ውሃን ጠብቆ የሚያርስበትን ዘዴ ነው። ሥራቸውም የአገሩን ማረሻ በማክበር የተጀመረ ነው። ገበሬው ለምን ደጋግሞ ያርሳል ብለው በጠየቁ ጊዜ መልሱን ከስንፍና ወይም ከልማድ አልፈለጉትም፤ ከማረሻው ቅርጽ ፈለጉት። የጎደለው የት ላይ እንደ ሆነ ከለዩ በኋላ ሞፈሩንና ቀንበሩን እንዳለ ትተው መሬት ውስጥ የሚገባውን ክፍል ለወጡ። አዲሱ ብረት ከቀድሞው ጠልቆ ይገባል፤ በግራና በቀኝም ክንፍ አለው። ጥልቁ ጫፍ የጠነከረውን የበታች አፈር ይሰነጥቃል፤ ክንፎቹም በትልሞቹ መካከል ሳይታረስ ይቀር የነበረውን ከሥር ይፈነቅሉታል። እንግዲህ ያልታረሰ መሬት ካልቀረ አቋርጦ ማረስ አያስፈልግም፤ አቋርጦ ማረስ ካላስፈለገም ገበሬው በእርከኑ መካከል አግድም ብቻ እያረሰ ሊኖር ይችላል። አግድም የወጣውም ትልም እያንዳንዱ እንደ ትንሽ እርከን ሆኖ ውሃውን ያዘገየዋል።

ይህ ዘዴ ዝናም በሚበዛበት አገር ምን እንደሚያደርግ የተፈተነው ከደብረ ማርቆስ በስተ ሰሜን በጮቄ ተራራ ግርጌ በእነራታ ነው። ከዶክተር መለሰ ጋራ ዶክተር በላይ ስማኔና የሆላንድ ሊቃውንት አብረው ሠርተዋል። አምስት ገበሬዎች ማሳቸውን ሰጡ። መሬቱ ቀይ አፈር ሲሆን ተዳፋትነቱ በመቶ ከ9 እስከ 11 ይደርስ ነበር። በአንዱ ወገን እንደ ቀድሞው ልማድ፥ በሌላው ወገን በአዲሱ ዘዴ ታርሶ ስንዴና ጤፍ ተዘራ። በ2012 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በአውሮፓ የምርምር መጽሔት ታትሞ በወጣው ጽሑፍ እንደ ተገለጠው፥ በአዲሱ ዘዴ በታረሰው ላይ ከማሳው የሚወርደው ጎርፍ በስንዴው በመቶ 48፥ በጤፉ በመቶ 15 ቀነሰ። የታጠበውም አፈር በስንዴው በመቶ 51፥ በጤፉ በመቶ 9.5 ቀነሰ። ከእርከኑ በስተ ኋላ ይተኛ የነበረው ውሃ በጣም አነሰ። ምርቱም በስንዴው በመቶ 35፥ በጤፉ በመቶ 10 ከፍ ብሎ ተገኘ። ይሁን እንጂ የአምስቱ ገበሬዎች ማሳ በለምነቱ እጅግ የተለያየ ስለ ነበረ የምርቱ ልዩነት በሒሳብ ምርመራ የጸና እንዳልሆነ ጸሐፊዎቹ ራሳቸው ሳይደብቁ ጽፈዋል። ዘዴውን የሞከሩት ገበሬዎች ግን ወደ ፊትም በዚሁ እንደሚቀጥሉ ተናገሩ።

ከቍጥሮቹ ሁሉ ይልቅ ሹሞች ልብ ሊሉት የሚገባው ይህ የመጨረሻው ቃል ነው። በደርግ ዘመን የተሠራውን እርከን ያፈረሰው ገበሬና ይህን ዘዴ እቀጥላለሁ ያለው ገበሬ የአንድ ደጋ ሰዎች ናቸው። ጠባዩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የቀረበለት ነገር ነው። ጥናቱን ያቀረቡትም ሰዎች ያልጸናውን ጸንቷል አለማለታቸው ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። በየመሥሪያ ቤቱ የሚጻፈው የሥራ መግለጫ ይህን ያህል እውነተኛ ቢሆን ኖሮ ብዙ ጥፋት ሳይደገም በቀረ ነበር።

ይኸው መሐንዲስ በሌላም ሥራ ይህንኑ መንገድ ተከትለዋል። በጎጃምና በሸዋ ብዙ ስፍራ ክረምት ውሃ የሚተኛበት ጥቁር ዋልካ አፈር አለ። መቀመጫው በአዲስ አበባ የነበረው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የከብት ምርምር ማዕከል በ1980ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሁለት ማረሻ አንድ ላይ በማያያዝ መደብና ቦይ የሚያወጣ መሣሪያ ሠርቶ ነበረ። አሳቡ መልካም ሲሆን መሣሪያው ስለ ከበደ በብዙ ገበሬ ዘንድ አልተለመደም። ዶክተር መለሰ ያንኑ አሳብ ይዘው ከአንዱ ማረሻ ጋራ የሚገጠም ቀለል ያለ መሣሪያ አዘጋጁና አይባር በተባለው ድርጅታቸው እየተሠራ ለገበሬ እንዲደርስ አደረጉ። ቀድሞ የተሠራውን ከመናቅ ይልቅ ያልተሳካበትን ምክንያት ፈልጎ ያንን ብቻ ማቃናት፥ ከባዶ ከመነሣት ሥራውንም ወጪውንም ያሳጥራል።

ከዚህ ታሪክ ለሥራ መሪዎች የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። አንደኛ፥ ሰው አንድን ትእዛዝ ደጋግሞ ያልፈጸመ እንደ ሆነ ከመቅጣት በፊት ምክንያቱን መጠየቅ ይገባል፤ እንቢታ ብዙ ጊዜ ወሬ አምጪ ነውና። ሁለተኛ፥ ሥራን በብዛቱ ብቻ መቁጠር አይበቃም። አንድ ሺህ ሜትር ተሠርቶ ዘጠኝ መቶው ከፈረሰ፥ መቶ ሜትር ሠርቶ መቶውን ያቆመ ሰው ይበልጣል። ሦስተኛ፥ ለደረቁ ቆላና ለርጥቡ ደጋ አንድ ዓይነት መመሪያ መላክ ለጸሐፊው ይቀልለዋል፤ ለመሬቱ ግን አይስማማውም። አራተኛ፥ አዲስ መሣሪያ ካልታየና ካልተለመደ በቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ጌጥ ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ ከመሣሪያው ጋራ የሚያሳይ ሰው፥ የተሰበረውንም የሚጠግን ባለሙያ ማዘጋጀት ያስፈልጋል።

በዚህ በአራተኛው ነገር የቀጥቃጭ ክብር ይመጣል። በጎጃምም ሆነ በሌላው አገር ብረት ሠሪ ለብዙ ዘመን ሲናቅና ሲሰደብ ኖሯል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበረ፤ ዳሩ ግን አዋጅ ከልብ ካልገባ በወረቀት ይቀራል። ማረሻ ሠሪውን እየናቁ የተሻለ ማረሻ መፈለግ፥ ዳቦ ጋጋሪን አስርቦ ዳቦ እንደ መጠበቅ ነው። የማረሻውን መሻሻል የሚሻ ሹም አስቀድሞ በወረዳው ያሉትን ቀጥቃጮች ሊያውቃቸው፥ ብረትና ትምህርትም እንዲያገኙ ሊረዳቸው ይገባዋል።

ካህናትም በዚህ ጉዳይ ከዳር የሚቆሙ አይደሉም። በጎጃም ደጋ ቀድሶ የሚገባው ካህን በማግሥቱ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ነው፤ የገበሬውን ችግር በወሬ ሳይሆን በእጁ ያውቀዋል። ቃሉም በሕዝብ ዘንድ ይሰማል። አሮጌ ነገርን መጠበቅ ምን እንደ ሆነ ደግሞ ከካህናት የተሻለ የሚያውቅ የለም። የብራና መጽሐፍ ስፌቱ የላላ እንደ ሆነ እንደ ገና ይደጎሳል፤ ፊደሉ የደበዘዘ እንደ ሆነ ይገለበጣል፤ ደጓሚው ስፌቱን ሲያጠብቅ ብራናውን አይጥለውም፥ የላላውንም ስፌት አሮጌ ስለ ሆነ ብቻ ይቅር አይለውም። ለማረሻም እንደዚሁ ነው። ዕድሜው ብቻ አያስከብረውም፤ በዘቅዛቃ መሬት ቁልቁል ማረስ የአባቶች ልማድ ቢሆንም ጐጂ ስለ ሆነ ሊቀር ይገባዋል። ዕድሜውም ብቻ አያስንቀውም፤ ሞፈሩና ቀንበሩ ዛሬም ሥራቸውን በሚገባ ይሠራሉና።

ምናልባት አንዳንድ ሰው በዚህ በትራክተር ዘመን ስለ በሬ ማረሻ መናገር ወደ ኋላ መመለስ ነው ይል ይሆናል። ሜዳማና ሰፊ እርሻ ባለበት ትራክተር ይግባ፤ የሚከለክለው የለም። ነገር ግን በጮቄ ግርጌ ማሳው ጠባብና የተበታተነ፥ መሬቱም ገደላማ በሆነበት ስፍራ በሬ ለረጅም ጊዜ አራሽ ሆኖ ይኖራል። ትራክተሩ እስኪመጣ ድረስ አፈሩ አይጠብቅም። በያመቱ የሚሄደው ሦስትና አራት ሚሊ ሜትር የሚቆመው ዛሬ በገበሬው እጅ ባለው መሣሪያ ነው።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደ ተባለ፥ ለዘመቻ መግለጫ ሲባል በጥድፊያ የተሠራ እርከን በጥድፊያ ፈረሰ። በእነራታ ግን አምስት ማሳ ብቻ ተይዞ፥ ገበሬው ተጠይቆ፥ ውሃው ተለክቶ፥ አፈሩ ተመዝኖ የተሠራው ሥራ ሊታመን የሚችል ዕውቀት አስገኘ። ከእንግዲህ ወዲህ የሚቀረው ይህንኑ ዕውቀት በየወረዳው መሬት ልክ እየፈተኑ ማስፋፋት ነው። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ገንዘብ ለአንድ ዘመቻ ከሚወጣው አይበልጥም፤ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ግን ይበልጣል። የጮቄ አፈር አንድ ጊዜ ከወረደ በኋላ ማንም ሹም በትእዛዝ ወደ ዳገቱ አይመልሰውም።